ያልተሸጠው ክለብና የእኛ ቁጭት



በጥቅምት ወር 2016 ዓ.ም. አንድ ምሽት፣ ከዒሻእ ሰላት በኋላ እህቴን ልጠይቅ ብቅ ብዬ ነበር። ቤቱ የለቅሶ ቤት መስሏል። የእህቴ ልጅ፣ የ20 ዓመት ጎረምሳ፣ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። እራቱን አልነካም፤ ሰላምታዬንም የመለሰው በግማሽ አፉ ነው። “ምነው? ሰው አረፈ እንዴ?” ብዬ እናቱን ጠየቅኋት። “ኧረ ተወው! ሸኹ አልገዛም ብሎ ሄደ አሉ” አለችኝ። የትኛው ሸኽ? የቱን ዕቃ? ለካስ የሚወራው ስለ ማንቸስተር ዩናይትድ ኖሯል። የኳታሩ ሸኽ ጃሲም ቢን ሐመድ ኣል ሣኒ ክለቡን ለመግዛት ያቀረቡትን ጥያቄ ማንሳታቸው በዚያ ሰሞን ተሰምቶ ነበር።

ውድ አንባቢ ሆይ! በልጁ አትሳቅ። እኔም የዚያው ሕመም ታማሚ ነኝና። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1999 ዩናይትድ ባርሴሎና ላይ ባየር ሙኒክን በጭማሪ ደቂቃ ባገባቸው ሁለት ጎሎች ሲያሸንፍ የ10 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ጎረቤት ቤት መሬት ላይ ተኮልኩለን አይተን፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል እየጮህን ወደየቤታችን ስንገባ አባቴ በር ላይ ጠብቆ የሰጠኝን ጥፊ እስካሁን አልረሳውም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ወጣቶቻችንን ከሩቅ ሆኜ ልወቅስ አይደለም። የልጁ ቁጭት ውስጥ እውነት አለ፣ ስሕተትም አለ። ሁለቱን ለይቶ ማየት ግን ለእሱም ለእኔም ያስፈልገናል ብዬ ነው።

በመጀመሪያ እውነቱን እንመልከት።

አንድ ሰው መርካቶ ያለውን ሱቅህን ሊገዛህ መጣ እንበል። በቂ ገንዘብ ግን የለውም። ስለዚህ ያንኑ ያንተን ሱቅ መያዣ አድርጎ ከአበዳሪ ይበደራል፤ በተበደረው ገንዘብ ዋጋህን ይከፍልሃል፤ ወለዱን ደግሞ ሱቁ በየዓመቱ ከሽያጩ ይክፈል ይላል። ሱቁ ከዚያ በፊት የማንም ዕዳ አልነበረበትም። ገዢው ከኪሱ ያወጣው ጥቂት ነው። ባለ ዕዳ የሆነው የተገዛው ሱቅ ነው! እንዲህ ያለ ነገር ይቻላል ወይ ብትሉኝ፣ አዎን፣ በዘመናዊው የገንዘብ ዓለም የተለመደና ሕጋዊ አሠራር ነው። አሜሪካዊው ማልኮም ግሌዘር እ.ኤ.አ. በ2005 ማንቸስተር ዩናይትድን በ790 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሲገዙ ያደረጉት ይህንኑ ነበር። ከገንዘቡ ከ500 ሚሊዮን በላይ የሚሆነው ብድር ነበር። ከፊሉ በራሱ በክለቡ ንብረት ላይ ተጫነ። ሌላው ከፊል ቤተሰቡ አክሲዮኑን ዋስ አድርጎ የወሰደው ሲሆን፣ ወለዱ በዓመት ከመቶ 14 በላይ የሆነና ሳይከፈል ሲቀር በዋናው ላይ እየተደመረ የሚያብጥ ዓይነት ነበር።

ወለድ ምን እንደሆነ ለልጆቻችን ስናስተምር ብዙ ጊዜ ምሳሌ ያጥረናል። በገጠር አራጣ አበዳሪ በሬ ሲነዳ የሚያሳይ ታሪክ እንነግራቸዋለን፤ እነርሱ ግን በሬ የሚነዳ ሰው አይተው አያውቁም። ማንቸስተርን ግን ያውቃሉ። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ኣሊ ዒምራን እየተደራረበ የሚያድገውን ወለድ ለይቶ ሲከለክል፣ በሱረቱል በቀራህም ወለድን አልተውም ያለ ሰው ከአላህና ከመልእክተኛው ጋር ጦርነት እንደገጠመ ሲያስጠነቅቅ፣ ቃሉ ለመካ ነጋዴዎች ብቻ የወረደ የሚመስለው ካለ ይህን ክለብ ይመልከት። ከ20 ዓመት በላይ አለፈ። በየሳምንቱ 74 ሺህ ሰው ቲኬት ቆርጦ ስታዲየሙን ይሞላል፤ እዚህ አዲስ አበባ ድረስ ሰው ማልያ ይገዛል፤ ዕዳው ግን እስካሁን ተከፍሎ አላለቀም። ለወለድ፣ ለባለቤቶቹ ትርፍ ክፍፍልና ለልዩ ልዩ ክፍያ የወጣው ከአንድ ቢሊዮን ፓውንድ እንደሚበልጥ በተደጋጋሚ ተዘግቧል። በዚያው ጊዜ ውስጥ ዝናብ በጣለ ቁጥር የኦልድ ትራፎርድ ጣሪያ ሲያፈስ ዓለም በቴሌቪዥን ተመልክቷል።

ደጋፊዎቹም ዝም አላሉም። ገና ከመነሻው፣ በ2005፣ ከፊሎቹ ተገንጥለው በአባላቱ የሚተዳደር ኤፍሲ ዩናይትድ ኦፍ ማንቸስተር የተባለ የራሳቸውን ትንሽ ክለብ መሠረቱ። በ2010 ሌሎቹ ቀዩን ሻርፕ አውልቀው አረንጓዴና ወርቃማ አጠለቁ፤ ይህ በ1878 የባቡር ሠራተኞች ክለቡን ሲያቋቁሙት የነበረው ቀለም ነው። በዚያው ዓመት ሀብታም ደጋፊዎች ተሰባስበው ክለቡን ሊገዙ አስበው ነበር፤ ሳይሳካ ቀረ። በሚያዝያ 2021 12 ታላላቅ ክለቦች ከሌሎቹ ተነጥለው የራሳቸውን የአውሮፓ ሊግ እንመሠርታለን ሲሉ፣ ሕዝቡ ተነሥቶ በሁለትና ሦስት ቀን ውስጥ አፈረሰባቸው። ከዚያም በግንቦት 2 ደጋፊዎች ሜዳው ውስጥ ገብተው ከሊቨርፑል ጋር ሊደረግ የነበረው ጨዋታ ለሌላ ቀን ተላለፈ።

እንግዲህ የግሌዘር ቤተሰብ በኅዳር 2022 መጨረሻ ላይ ለሽያጭ በሩን እንደከፈተ ሲያስታውቅ የነበረውን ደስታ መገመት አያዳግትም። ሸኽ ጃሲም መጡ። ጠቅላላውን፣ መቶ በመቶ፣ ያለ አንዳች ብድር እገዛለሁ አሉ። ጋዜጦች የሰጡት ዋጋ ወደ 5 ቢሊዮን ፓውንድ ይጠጋል ብለው ዘገቡ። ወሬው ለወራት ተጎተተ። በመጨረሻም ቤተሰቡ ሳይሸጥላቸው ቀረ። በዓመቱ ማብቂያ ላይ እንግሊዛዊው ባለ ፋብሪካ ሰር ጂም ራትክሊፍ ሩቡን ያህል ገዝተው የእግር ኳሱን አስተዳደር ለመረከብ ተስማሙ። ባለቤቶቹ ግን ከነድምፃቸው ቀሩ። የቤተሰቡ አንድ አክሲዮን በጉባኤ ላይ 10 ድምፅ አለውና! ከዚያ ወዲህም በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ከክለቡ ተሰናበቱ፣ የቲኬት ዋጋም ለሕፃንና ለአዛውንት ሳይለይ 66 ፓውንድ የሆነበት ጊዜ መጣ፤ ደጋፊውም ዳግመኛ አደባባይ ወጣ።

እውነቱ ይህ ነው። ሰው የሚወደው ነገር በዕዳ ሲታሠር ቢቆጨው አይፈረድበትም።

አሁን ደግሞ ወደ ስሕተታችን እንምጣ። በዚያ ምሽት የእህቴን ልጅ፣ “ሸኹ ቢገዙት ምን ይጠቅምህ ነበር?” ስል ጠየቅሁት። “ጋሼ፣ ሙስሊም ናቸው እኮ! የእስላማዊ ባንክ ሊቀ መንበር ናቸው” አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሸኽ ጃሲም የኳታር ኢስላሚክ ባንክ ሊቀ መንበር ናቸው። ብድር አልጠቀምም ማለታቸውም ለአንድ ሙስሊም ጆሮ ደስ ይላል። ይሁንና ልጁን እንዲህ አልኩት፦ ስም ሰውን ከሒሳብ አያድነውም። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱን ኒሳእ በራሳችሁም ሆነ በወላጆቻችሁና በዘመዶቻችሁ ላይ ቢሆን ለፍትሕ ቁሙ ብሎን የለምን? ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ እንዲከፈል አዘዋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች እህቶቻችን በሰው ቤት ደክመው ደመወዛቸው ተይዞባቸው ሲመለሱ ከቦሌ የተቀበልናቸው እኛው ነን። ሸኹ እንዲህ አድርገዋል እያልኩ አይደለም፤ አላውቃቸውም። “የእኛ ነው” የሚለው ቃል ግን ሚዛናችንን እንዳያዛባው ልንጠነቀቅ ይገባናል። ግሌዘር በወለድ ገዛ ብለን የምንቆጣ ከሆነ፣ የእኛ የምንለው ሀብታም በሌላ መንገድ ቢበድልም እኩል ልንቆጣ ይገባል። አለበለዚያ የተቆጣነው ለማልያ እንጂ ለሐቅ አይደለም።

ሁለተኛውን ስሕተት ለመናገር ይከብዳል፤ ደጋፊ አይወደውምና። በሸሪዓችን ሽያጭ በሁለት ወገን ፈቃድ እንጂ አይጸናም። ባለ ንብረት አልሸጥም ካለ፣ ዋጋው ቢያንሰኝ ወይም ቢበዛልኝ ብሎ ምክንያት የመስጠት ግዴታ የለበትም። ግሌዘሮች ስለ ገዙበት መንገድ ብዙ ልንል እንችላለን፤ ስላልሸጡ ብቻ ግን ሌቦች ናቸው ማለት አንችልም። “ታዲያ ደጋፊው ምንም መብት የለውም ማለት ነው?” ብሎ ልጁ ተቆጣኝ። ጥያቄው ጥሩ ነው። ፉቀሃዎቻችን ሹፍዓ የሚሉት ነገር አለ፤ በመሬት ወይም በቤት ሁለት ሰዎች ሽርካ ከሆኑ፣ አንደኛው ድርሻውን ለባዕድ ቢሸጥ ሽርካው በዚያው ዋጋ የመውሰድ ቅድሚያ አለው። የሻፊዒይ መዝሀብ ይህን መብት ለባለ ድርሻ ብቻ ሲሰጥ፣ የሐነፊይ መዝሀብ ለጎረቤትም ይሰጣል። ለምን ለጎረቤት? የሚመጣው ሰው ጉዳቱም ጥቅሙም ግድግዳ ለሚጋራው ነዋ! ክለብ መሬት አይደለም፣ እኔም ሙፍቲ አይደለሁም። ነገር ግን ሐሳቡ ልብ ይሏል። ገንዘብ ያላወጣ ሰውም ቢሆን አጠገቡ በሚደረገው ሽያጭ የሚነካ ከሆነ ሊጠየቅ ይገባዋል የሚል አስተሳሰብ በሃይማኖታችን ውስጥ ከጥንት አለ። እንግሊዞች በ2025 የእግር ኳስ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በሕግ ያቋቋሙት ባለቤቶችን እንዲመረምርና የደጋፊው ድምፅ እንዲሰማ ለማድረግ ነው። ዘግይተዋል፤ ቢሆንም ደግ አደረጉ።

ጀርመኖች ከዚህ ቀድመዋል። እዚያ ከጥቂት ክለቦች በቀር ከግማሽ የሚበልጠው ድምፅ ሁልጊዜ በአባላቱ እጅ ይቆያል። እና በዚያው ሰሞን፣ ማንቸስተሮች ገንዘብ ሄደብን ብለው ሲያለቅሱ፣ ጀርመኖች ገንዘብ መጣብን ብለው ሲያምጹ ነበር! በታኅሣሥ 2023 36ቱ ክለቦች ተሰብስበው፣ ለ20 ዓመት ከቴሌቪዥን ገቢያቸው ከመቶ 8 ያህሉን ለኢንቨስተር ሰጥተው ወደ 1 ቢሊዮን ዩሮ እንዲቀበሉ በ24 ድምፅ ወሰኑ። ደጋፊው በየስታዲየሙ የቴኒስ ኳስ ሜዳ ላይ እየወረወረ፣ በሪሞት የሚነዳ የልጆች መኪና ሳይቀር እየለቀቀ ጨዋታ አቋረጠ። በየካቲት 2024 የሊጉ አስተዳደር እቅዱን ተወው። ይህን ለእህቴ ልጅ ስነግረው ዓይኑን አፈጠጠ። “ቢሊዮን እንቢ አሉ? አብደዋል?” አለ። አላበዱም። ዛሬ የሚገባውን ነገ ከሚወጣው ጋር አመዛዝነው ነው።

ይህን ሁሉ ሳወራ አንድ የቆየ ታሪክ ትዝ አለኝ። ሙሃጂሮች መዲና ሲገቡ ጥሩ ውኃ ያለበት ጉድጓድ ሩማህ የሚባለው ነበር። ባለቤቱ ውኃውን በዋጋ ይሸጣል፤ ድሃው ይቸገራል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጉድጓዱን ገዝቶ ለሙስሊሞች የሚያደርግ ሰው ጀነት እንዳለው ተናገሩ። ዑስማን (ረ.ዐ.) ሄዱ። በአንደኛው ዘገባ እንደተላለፈው ባለቤቱ ሁሉንም አልሸጥም አለ። ዑስማንም በ12 ሺህ ዲርሃም ግማሹን ገዙ፤ አንድ ቀን የእርሳቸው፣ አንድ ቀን የሰውየው ሆነ። ሰዎች በዑስማን ቀን የሁለት ቀን ውኃ በነፃ ይቀዳሉ፤ በባለቤቱ ቀን ማንም ዝር አይልም። ሰውየው ጉድጓዱን አበላሸህብኝ ብሎ ቀሪውን ግማሽ በ8 ሺህ ሸጠላቸው። ሁሉም ወቅፍ ሆነ። ልብ በሉ፣ ሰውየው አልተደበደበም፣ አልተሰደበም፣ ንብረቱንም አልተቀማም። አልሸጥም የማለት መብቱ ተከበረለት። ዑስማንም ጉድጓዱን መያዣ አድርገው አልተበደሩም፤ ከኪሳቸው አወጡ። ከገዙም በኋላ ለሕዝቡ የቆረጡለት የቲኬት ዋጋ የለም።

እስካሁን የጻፍኩት ስለ ሌላ አገር ነው። ብዕሬን እዚህ ላይ ባስቀምጥ ደስ ባለኝ ነበር። ግን አንድ በአንገቴ ያለ ዕዳ አለብኝ፤ ልጁን ስመክር ነው ያስታወስኩት።

ከዓመታት በፊት የሰፈራችንን መስጊድ አንድ ባለጸጋ አፍርሼ ባለ አራት ፎቅ አድርጌ ልሥራ ብሎ መጣ ተባለ። መስጊዱ ጠባብ ነው፤ ጁሙዓ ቀን ግማሹ ጀመዓ አስፋልት ላይ ሸራ ዘርግቶ ይሰግዳል። ኮሚቴው እንቢ አለ። ለምን እንደሆነ አልተነገረንም። ጀመዓው አጉረመረመ። እኔም ተምሬያለሁ፣ ጋዜጠኛ ነኝ ባዩ፣ ከዐስር ሰላት በኋላ በር ላይ ቆሜ 20 የሚሆን ሰው ባለበት የኮሚቴውን ሊቀ መንበር፣ በአባቴ ዕድሜ ያሉትን ሐጂ፣ “ወንበሩ እንዳይነካብዎት ነው ቤተ አላህ እንዳይታነፅ የሚከለክሉት” አልኳቸው። አልመለሱልኝም። ጫማቸውን አድርገው ሄዱ። አንዳንዱ ሰው “ጎበዝ!” ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ያ መታ መታ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ከሁለት ዓመት በኋላ ከኮሚቴው አባላት አንዱ የውሉን ረቂቅ አሳየኝ። ምድር ቤቱ በሙሉ ሱቅ ይሆናል፤ ኪራዩን ለ25 ዓመት የሚወስደው ባለጸጋው ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ከግንባታው ወጪ አብዛኛው በወለድ ብድር የሚሸፈን ሆኖ፣ የመስጊዱ ይዞታ ማረጋገጫ ወረቀት ለባንክ መያዣ ይሆናል ይላል። ወረቀቱን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ሰውየው ብድሩን መክፈል ቢያቅተውስ? ሰግደን የተነሣንበት መሬት በሐራጅ ሊሸጥ ነው? እነዚያ ሽማግሌዎች የሚሊዮን ገንዘብ እንቢ ያሉት ለዚህ ነበር። እኔ በአደባባይ ክብራቸውን ስነካ እርሳቸው ዝም ያሉት የሰውየውን ስም ላለማንሳት ነበር።

ያን ጊዜ ወዲያው ሄጄ ዐፍው ማለት ነበረብኝ። አልሄድኩም። ሳያቸው ሰላም እላለሁ፤ ይመልሱልኛል፤ በቃ። ዓመታት አለፉ። መጥፎ ግምት እንድንርቅ ሱረቱል ሑጁራት ውስጥ የታዘዝነውን ለስንት ሰው እያስተማርኩ፣ ራሴ በሐራም ግምት የነካሁትን ሰው በየቀኑ በሶፍ ውስጥ እያለፍኩ እቆም ነበር።

ከእህቴ ልጅ ጋር ያን ምሽት በተነጋገርን በሳምንቱ ሄድኩ። ሐጂ ሱቃቸው ውስጥ ሚዛን ላይ ነበሩ። ጥፋቴን ተናገርኩ። ዝም ብለው ሰሙኝና “ከዚያው ቀን ዐፍው ብዬሃለሁ፤ ሻይ ጠጣ” አሉኝ። ሻዩን እየጠጣሁ ስለ ማንቸስተር ነገር አጫወትኳቸው፤ ክለቡን በዕዳ እንዴት እንደገዙት፣ ያለ ዕዳ ሊገዛው የመጣውንም እንዴት እንደመለሱት። በጥሞና አዳመጡ። “እንዴ! ስታዲየሙን አስይዘው ሲበደሩ ኮሚቴ የላቸውም እንዴ?” አሉኝ። የላቸውም፣ አክሲዮኑ በገበያ የሚሸጥ ስለነበር ገንዘብ ያመጣ ሁሉ ይገዛው ነበር አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

እኔም ድፍረት አግኝቼ፣ “ሐጂ፣ እርስዎስ ቢሆኑ የሰውየውን ስም ትተው ውሉን ብቻ ለጀመዓው ቢነግሩን ኖሮ ይህ ሁሉ ፊትና ባልመጣ” አልኳቸው። ስኳር የተቋጠረበትን ላስቲክ እያሠሩ ትንሽ ቆዩ። “እሱን አላሰብነውም” አሉ። “ሰው የሚያምነን መስሎን ነበር። ሰው የሚያምነው ሲነገረው ነው ለካ።”

ከዚያ በኋላ በነበረው ጁሙዓ የመስጊዱ ገቢና ወጪ በትልቅ ወረቀት በእጅ ተጽፎ በር ላይ ተለጠፈ። ከዚያ ወዲህ በየሦስት ወሩ ይለጠፋል። የእህቴ ልጅ ጫማውን በእጁ ይዞ ቆሞ ሲያነበው አይቼዋለሁ፤ ለውዱእ ቤቱ ቧንቧ የተመደበው ገንዘብ ለምን እንዳልወጣ ሐጂን ይጠይቃቸው ነበር። ቧንቧው እስካሁን አልተሠራም።